ከባሕር አንድ ሊትር ውሃ ቀድቶ ውስጡ ያለውን ዓሣ ማወቅ ይቻላል ወይ?

የቦዬ ጉማሬ፦

አካም ጅርቱ የቤቱ ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

እዚሁ ጅማ ነኝ፣ ባዮሎጂ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውሃ የግልገል ጊቤ ግድብ ነው፣ እሱንም አዲስ አበባ ስሄድ በአውቶብስ መስኮት። ሰሞኑን ግን ውጭ አገር ለሚሰጥ የባሕር ዓሣ ክትትል አጭር ሥልጠና አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ አለፍኩ። በኢንተርኔት ነው የሚደረገው፤ መብራትና ኔትወርክ አንድ ላይ ከመጡ ማለቴ ነው።

የላኩልኝ ማንበቢያ ግማሹ የሚያወራው ስለ ኢዲኤንኤ ነው። የአካባቢ ዲኤንኤ ልንለው እንችላለን። ዓሣው ሲዋኝ ከቆዳው፣ ከልጋጉ፣ ከሽንቱና ከኩሱ ትንንሽ ነገር ውሃው ውስጥ ይጥላል፣ በዚያ ውስጥ ዲኤንኤ አለ፣ ውሃውን ቀድተህ ታጠልለዋለህ፣ ማጣሪያው ላይ የቀረውን ላብራቶሪ ወስደህ ታነበዋለህ፣ የትኞቹ ዝርያዎች እዚያ እንደነበሩ ታውቃለህ። መረብ የለ፣ ጠላቂ የለ፣ የሚሞት ዓሣ የለ።

የገባኝ መስሎኝ ነበር። ትናንት ማታ ለታላቅ ወንድሜ ሳስረዳው ነው ጉዴ የፈላው። ሹፌር ነው፣ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፣ ግን ሲጠይቅ መውጫ ቀዳዳ አይሰጥም። «ባሕር እኮ እንደ ኩሬ ቆሞ አይጠብቅህም፣ ይሄዳል፤ የሌላ አገር ዓሣ የጣለው ቢሆንስ?» አለኝ። «የሞተ ቢሆንስ? ሰው በልቶ የደፋው ቢሆንስ?» አለኝ። «እሺ ይሁን፣ ስንት ናቸው?» አለኝ። ዝም ስል «ታዲያ ምኑን አወቃችሁት?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

እሱ ተኛ፣ እኔ አልተኛሁም። ይህ ነገር እውነተኛ ባሕር ላይ ይሠራል ወይስ የወረቀት ላይ ነብር ነው? የወንድሜን ጥያቄዎች ሰዎቹ ቢያነሱብኝ ምን ልበል? ደግሞስ እዚህ ሆኜ እጄን የማፍታታበት መንገድ አለ? የሰማይ ስባሪ የሚያህል ማሽን ይጠይቃል ካላችሁኝም ቁርጤን ልወቅ።


ፒፔት ያዥ፦

ወንድምህን ይዘኸው ብትገባ ቃለ መጠይቁን እሱ ያልፍ ነበር። ሦስቱም የሙያው ዋና ጥያቄዎች ናቸው።

እኔም ጅማ ነኝ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ባሕሩ የሚያውቁ ይጻፉልህ። እኔ ውሃው ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ያለውን ልንገርህ፣ ሰው ሁሉ ቀላል የሚመስለው እሱ ስለሆነ።

አንድ ወይም ሁለት ሊትር ትቀዳለህ። ቀዳዳው 0.45 ማይክሮን ገደማ በሆነ ማጣሪያ ታሳልፈዋለህ፣ 0.22 የሚጠቀምም አለ። ከማጣሪያው ዲኤንኤው ይወጣና ፒሲአር ውስጥ ይገባል፣ ዲኤንኤን ደጋግሞ የሚያባዛው ማሽን ማለት ነው። እዚህ ጋ ፕራይመር የሚባል ነገር አለ። ውሃው ውስጥ እኮ የባክቴሪያ፣ የአልጌ፣ የወፍ፣ የሰው ዲኤንኤ ተደበላልቆ ነው ያለው፤ ፕራይመሩ ከዚያ ሁሉ መሀል የዓሣውን ቁራጭ እየያዘ እንዲባዛ የሚያደርግ መንጠቆ በለው። ለዓሣ በጣም የታወቀው ማይፊሽ ይባላል፣ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት። የሚያባዛው ቁራጭ 170 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ብቻ ነው። አጭር የሆነው በምክንያት ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ዲኤንኤ የተበጣጠሰ ስለሆነ ረጅም ካልሆነ አልቀበልም ካልክ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። የበዛውን በሲኩዌንሰር፣ የዲኤንኤ ፊደል በሚያነበው ማሽን፣ ታነባለህ፣ ከታወቁ ዝርያዎች መዝገብ ጋር ታመሳክራለህ።

ማይፊሽ የተፈተነበትን መንገድ ወድጄዋለሁ። ኦኪናዋ ያለው ትልቅ አኳሪየም ሄደው፣ ምን ምን ዓሣ እንዳለ አንድ በአንድ ከሚታወቅ አራት ገንዳ ውሃ ቀዱ። መልሱ አስቀድሞ የተጻፈ ፈተና ማለት ነው። መዝገብ ላይ ማመሳከሪያ ከነበራቸው 180 የባሕር ዝርያዎች 168ቱ ወጡ። 12 ግን ቀሩ፣ ገንዳው ውስጥ እየዋኙ። ይህንን አትርሳ። «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ጉዱ። ከዚህ በፊት አንድ ቦታ ስሠራ፣ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ የወንዝ ናሙና ስናነብ ውጤቱ ግሩም ሆኖ መጣ። ቀረሶ በሽ በሽ። ደስ ብሎን እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። ከዚያ አንዷ ልጅ ባዶ ናሙናውን ተመለከተች። ባዶ ናሙና ማለት ምንም የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው፣ እንደ እውነተኛው ናሙና ሁሉን ደረጃ አብሮ ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ሆኖ መውጣት አለበት። ባዶው ውሃችን ቀረሶ ነበረበት! የጾም ወቅት ነበር፣ እኛም ቀኑን ሙሉ ምሳችን ዓሣ ጥብስ፣ እራታችን ዓሣ ጉላሽ። እጃችንን ታጥበናል፣ ግን እንዲያው በሰው ወግ ነው የታጠብነው። የሦስት ሳምንት ሥራ ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው በበረኪና ሳይወለወል ጓንቴን አላጠልቅም፣ ዓሣ የበላሁ ቀን ናሙና አልነካም። ሚስቴ «ሌላ እምነት ገባህ እንዴ» ትለኛለች።


ከበርገን፦

ሰላም። ስምህ አሳቀኝ። የጅማ ልጅ ነኝ፣ መንደራ ነው ያደግኩት፣ አሁን ኖርዌይ የዓሣ ነገር እማራለሁ። ልጆች ሆነን ጉማሬ ልናይ ቦዬ እንሄድ ነበር። አንድም ቀን አላየንም። እዳሪውን አይተን፣ የረገጠውን ሣር አይተን፣ «ነበር፣ አሁን ነው የሄደው» እያልን እንመለሳለን። ኢዲኤንኤ እኮ እሱው ነው። ጉማሬውን አላየህም፣ ግን መዋሸት አይደለም፣ ነበር።

የወንድምህን ጥያቄ በተራ ልሞክር። መጀመሪያ ግን «እውነተኛ ባሕር ላይ ይሠራል ወይ» ላልከው። ይሠራል። ለባሕር ዓሣ በር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 ዴንማርክ ውስጥ የወጣው ሥራ ነው። ዴንማርክና ስዊድንን ከሚለየው ጠባብ ባሕር ግማሽ ግማሽ ሊትር ውሃ ቀድተው 15 የዓሣ ዝርያ አገኙ። የሃይላንድ ጠርሙስ የሚይዘው ውሃ ነው የምልህ። በመረብና በመሳሰሉት ከተለመዱ ዘዴዎች ጋር ሲያወዳድሩት ከየትኛውም አላነሰም። ሁለተኛው የምወደው ጃፓን ነው፣ ማይዙሩ የሚባል የባሕር ወሽመጥ። በአንድ ቀን ከ47 ቦታ ውሃ ቀዱና 128 ዝርያ አገኙ። እዚያው ቦታ ጠላቂዎች ለ14 ዓመት እየወረዱ ሲቆጥሩ ኖረዋል። ጠላቂዎቹ ካዩዋቸው ዝርያዎች ውስጥ ውሃው 62.5 በመቶውን መለሰ፣ በዚያ ላይ ጠላቂዎቹ ያላዩትን ጨመረ። አየህ፣ ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው፣ ጉድለታቸው ግን አንድ ቦታ ላይ አይደለም።

የባሕሩ መሄድ። እውነት ነው ይሄዳል። ግን ጎረቤት ቡና ሲቆላ ሽታው እንዴት እንደሚመጣ አስብ። ነፋስ ካለ ከሦስተኛው ቤትም ይመጣል። ከአጋሮ ግን አይመጣም። ዲኤንኤው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ፀሐይ ይሰባብረዋል፣ ሙቀት ያፈጥንበታል፣ በባሕር ውሃ ውስጥ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ቢቆይ ነው። ሩቅ ሳይደርስ ደግሞ በዚያ ሁሉ ውሃ ይቀጥናል። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ አካባቢ፣ የባሕር አረም ጫካ ባለበት ቦታ የሠሩት ሥራ 60 ሜትር ብቻ የተራራቁ ሁለት ዓይነት ሰፈሮችን ዓሣ ለይቶ ማሳየት ችሏል። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም፣ ኃይለኛ ሞገድ ባለበት ኪሎ ሜትሮች ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ ውሃ ስትቀዳ ሞገዱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አብረህ ትመዘግባለህ። ያልመዘገበ ሰው ወንድምህ ፊት አይቀመጥ።

የሞተና የተበላ ዓሣ። ይህኛው የምር ያስቸግራል። ማይዙሩ ላይ አንድ የዓሣ ዓይነት ብቻ ለይተው ሲለኩ የዓሣ ገበያው አጠገብ ያለው ውሃ ቁጥሩን ሰማይ አደረሰው፤ ገበያ ላይ የታጠበው ዓሣ ነዋ! ከከተማ ፍሳሽ ጋርም የምግብ ቤት ዓሣ ይወርዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው ግን አሰልቺ ነው፦ ፍሳሽ ከሚገባበትና ወደብ ካለበት ራቅ ብሎ መቅዳት፣ ደጋግሞ መቅዳት፣ ከዚያ «ይህ ዓሣ እዚህ ምን ይሠራል» የሚል ሰው ውጤቱን እንዲያየው ማድረግ። ኮምፒዩተር አያፍርም፣ የጻፍክለትን ሁሉ ይነግርሃል።

ስንት ናቸው። አይታወቅም። ይህን ሳትፈራ ተናገር፣ «ቁጥር እሰጣለሁ» ካልክ ነው የምትወድቀው። አንድ ትልቅ ዓሣ ብዙ ይጥላል፣ ብዙ ትንንሾች አንድ ላይ ያንኑ ያህል ይጥላሉ፣ ሲራቡ የሚጥሉት ሌላ፣ እንቁላል ሲጥሉ የሚጥሉት ሌላ። ብዛትን በግርድፉ የማሳየት ነገር አለው፤ ግሪንላንድ ላይ ከ188 እስከ 918 ሜትር ጥልቀት መረብ ከጎተቱበት ቦታ ውሃ ቀድተው ሲያዩት መረቡ ብዙ የያዛቸው ቤተሰቦች በዲኤንኤውም በርከት ብለው ወጡ። ግን በርከት ማለት ቁጥር አይደለም። ዕድሜውን፣ ርዝመቱን፣ ወንድ ሴትነቱን አታውቅም። ዓሣ አስጋሪ አገሮች ደግሞ «በዚህ ዓመት ስንት ቶን ይጠመድ» ብለው ሲወስኑ የሚፈልጉት እሱን ነው። መረቡ ጡረታ አልወጣም።

«ምኑን አወቃችሁት» ላለው ግን አንድ ታሪክ አለኝ። ኒው ካሌዶኒያ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፣ ፓስፊክ ላይ። ሻርክ ስንት ዓይነት እንዳለ ለማወቅ ሰው በሺዎች ጊዜ እየጠለቀ አየ፣ ማባበያ ያንጠለጠሉ ካሜራዎች በመቶዎች ተጣሉ። ከዚያ 22 የውሃ ናሙና ተወሰደ። በሃያ ሁለቱ የተገኘው የሻርክ ዓይነት ከሁለቱም በለጠ። ሰው ስላለበት ሻርክ የለም በተባለበት ቦታ እንኳ ነበሩ። ሻርክ ጠላቂ ሲያይ ይሸሻል፣ ልጋጉን ግን ይዞ አይሸሽም።


ዝም አልልም፦

ማንም እንዳይቀየመኝ። ባሕር የለንም። ወደብ የለንም። የጅማ ልጅ ስለ ሻርክ ልጋግ የሚማረው ለማን ነው? አዌቱ ወንዛችን መሀል ከተማ ላይ የፕላስቲክ ቦይ ሆኖ እያየነው። ደግሞ ውሃ ቀድቶ «ዓሣ ታየኝ» ማለት ጠንቋይ ቤት ሄዶ ስኒ ከማስነበብ በምን ይለያል?


ፒፔት ያዥ፦

ስኒ አንባቢዋ «የለም» ብላ አታውቅም፣ በዚያ ይለያል። 

ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ኔስ የሚባል ሐይቅ አለ፣ «አውሬ አለበት» እየተባለ ዘመን ሙሉ ቱሪስት የሚጎርፍበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒል ገመል የሚባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ ቡድኑን ይዞ ሄዶ 250 ናሙና ውሃ ቀዳ፣ ከላይም ከጥልቁም። በሚቀጥለው ዓመት ውጤቱን ሲናገር የተሳቢ እንስሳ ዲኤንኤ ጠብታ አልተገኘም፣ የኢል ዓሣ ግን የትም ተገኝቷል። ኢል እባብ የሚመስለው ረጅሙ ዓሣ ነው። እሱም ቢሆን «ምናልባት ሰዎች ያዩት ትልቅ ኢል ይሆናል» አለ እንጂ «ኢል ነው» አላለም፤ ዲኤንኤ ርዝመት አይናገርማ፣ ከበርገን እንዳለችው።


ጋሽ መርከበኛ፦

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። ይህን የሚጽፍልኝ የልጄ ልጅ ነው፣ እኔ አወራለሁ እሱ ይነካካል።

«ባሕር የለንም» ላልከው ልጄ፣ ባሕሩ አለ፣ የት ይሄዳል። እኔ ባሕር ኃይል ነበርኩ፣ ምጽዋ እስከ 1982 ድረስ። ሌሊት ከመርከቧ ጎን መብራት ስናወርድ የሚሰበሰበው ዓሣ ቀለሙ፣ ቅርጹ፣ ተቆጥሮ አያልቅም። የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ለእያንዳንዱ ስም ነበራቸው፤ እኛ የደጋ ልጆች ሁሉንም «ዓሣ» ብለን ነው የምናልፈው። በኋላ ሳነብ ቀይ ባሕር ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያ እንዳለበት፣ ከሰባቱ አንዱ ያህል ደግሞ ሌላ የትም እንደማይገኝ አወቅሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳስበው የሚቆጨኝ ስማቸውን ሳልማር መምጣቴ ነው። ይህ ልጅ ይማር። የሰው ባሕር ላይም ቢሠራ ይማር።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ባሕር ላይ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ የላዩ ውሃና የታቹ ውሃ አንድ አይደለም። ከላይ ሞቅ ይላል፣ ወረድ ስትል ድንገት ይቀዘቅዛል፣ ሁለት ባሕር ተደራርቦ ነው የሚመስለው። ከላይ በባልዲ የቀዳችሁት የታችኛውን ዓሣ ያውቃል?


ከበርገን፦

ጋሽዬ ዕድሜ ይስጥልን፣ የልጅ ልጅዎንም ያሳድግልን። ልክ ነዎት። ሙቁና ቀዝቃዛው ውሃ የሚገናኙበት ቦታ እንደ ጣሪያ ሆኖ ስለሚያግድ የታችኛው ዓሣ ዲኤንኤ ወደ ላይ እምብዛም አይወጣም። ስለዚህ በባልዲ አይሆንም። ኒስኪን የሚባል ሁለት አፉ ክፍት የሆነ ቱቦ በገመድ ይወርዳል፣ የተፈለገው ጥልቀት ሲደርስ ከላይ ክብደት ይለቀቅበታል፣ ሁለቱም አፉ ይዘጋል። የግሪንላንዱ ውሃ እንዲህ ከታች ነው የተቀዳው።

እግረ መንገዴን ስለ ስም ያሉት ነገር ነካኝ። የዚህ ሥራ ትልቁ ችግር ማሽን አይደለም፣ ስም ነው። ከውሃው የወጣውን ቁራጭ የምታመሳክርበት መዝገብ ላይ ያ ዓሣ ከሌለ ማሽኑ «ምናምን የሚመስል ነገር» ብሎ ይተወዋል፣ ይባስ ሲልም የቅርብ ዘመዱን ስም ይሰጠዋል። መዝገቡ የሚሞላው ደግሞ በድሮው መንገድ ነው፤ ዓሣው ይጠመዳል፣ ዝርያ ለይቶ የሚያውቅ ሰው እሾሁንና ቅርፊቱን ቆጥሮ ስም ይሰጠዋል፣ ከሥጋው ቁራጭ ተወስዶ ይነበባል። ዓሣ በዓይኑ አይቶ የሚለይ ሰው በየአገሩ እያነሰ ነው።

መዝገቡ ሞልቶም የማይለይ አለ። ቱና ዓሣን እዩ። የተለያዩ የቱና ዝርያዎች፣ አንዱ ውድ አንዱ ርካሽ፣ በማይፊሽ አጭር ቁራጭ ላይ አንድ ሆነው ነው ቁጭ የሚሉት። «ቱና አለ» ይላል፣ «የትኛው» ስትለው ዝም። የኛው ጣና ላይም ያው ነው የሚጠብቅህ። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የሌሉ፣ ከአንድ አያት በቅርብ ጊዜ የተለያዩ ከአሥር በላይ ትልልቅ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች አሉ። በአፋቸውና በአካላቸው ቅርጽ ይለያያሉ፣ በዚያች 170 ፊደል ግን ወንድማማች እንኳን አይደሉም፣ አንድ ሰው ናቸው። ቃለ መጠይቁ ላይ ይህን ከኛ አገር ምሳሌ ጋር ብታነሳው ደስ ይላቸዋል፣ ከላኩልህ ወረቀት ያልተቀዳ መሆኑ ያስታውቃላ።

ለ«ዝም አልልም» ደግሞ አንዲት ነገር። ካታር ባሕር ላይ የነዳጅ መድረኮች ባሉበት ዌል ሻርክ የሚባለው የዓለም ትልቁ ዓሣ በብዛት ይሰበሰባል። ከተሰበሰቡበት ቦታ ውሃ ቀድተው ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ዲኤንኤያቸውን አነበቡና የሕዝባቸውን መጠን እስከመገመት ደረሱ። ዘዴውን የተማረ ሰው አዌቱ ላይም አባይ ላይም ይጠቀምበታል፤ ውሃው ጨው ኖረው አልኖረው የሥራው ሐሳብ አንድ ነው።


ከአሰንዳቦ፦

እኔ ዓሣ ነጋዴ ነኝ። ከግድቡ ቀረሶና አምባዛ ገዝቼ ጅማ አወርዳለሁ። ማንበብ የጀመርኩት «ዓሣ» የሚለውን አይቼ ነው፣ የባሕር መሆኑን በኋላ ነው ያየሁት።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ዓሣ አጥማጅ የሚፈልገው «ምን አለ» አይደለም። ምን እንዳለማ እናውቃለን። የሚፈልገው ካለፈው ዓመት ቀንሷል ወይ፣ ለምን እያነሰ ነው፣ ቀዳዳው ጠባብ መረብ የሚጥሉት ጫጩቱን እየጨረሱት ነው ወይ፣ እሱን ነው። ይህ ውሃችሁ እሱን ይነግራል?


የቦዬ ጉማሬ፦

ወይ ጉድ፣ አንድ ጥያቄ ጥዬ ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ጋሽዬ፣ የተናገሩትን ለወንድሜ አነበብኩለት፣ «ይሄ ሰውዬ ያውቃል» አለ። እሱ ከአፉ ምስጋና አይወጣም፣ ይህ ብዙ ነው።

ለአሰንዳቦው ጋሼ የገባኝን ያህል ልመልስ፣ ስሕተት ካለ አርሙኝ። ጫጩት ይሁን አውራ አይለይም፣ ስለዚህ የመረቡን ነገር አይነግርዎትም፣ እሱ መለካት ይፈልጋል። በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ከተቀዳ ግን «ይህ ዝርያ ድሮ ከአሥር ናሙና በዘጠኙ ይገኝ ነበር፣ ዘንድሮ በሦስቱ ብቻ ተገኘ» ማለት ይቻላል። ሌላም አለ፣ ከውጭ የገባ አዲስ ዓሣ ሰው መረብ ውስጥ ሳይገባ በፊት ሊታወቅ ይችላል። ልክ ነኝ?

አሁን የመጨረሻው ጥያቄዬ ይቀራል። እጄን ማፍታታት።


ፒፔት ያዥ፦

ልክ ነህ። 

ለመለማመድ ባሕር አያስፈልግህም። እንዲያውም እዚህ ውሃ ላይ ያጠለለ ሰው ባሕር ላይ ሲደርስ ዕረፍት ይመስለዋል። የባሕር ውሃ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው፣ አንድ ሊትር ሳያስጨንቅህ ያልፋል። አዌቱን በክረምት ሞክረው፣ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ሳታሳልፍ ማጣሪያው በጭቃ ይደፈናል፣ ክንድህ ይዝላል፣ ትረግማለህ። ያኔ ነው የምትማረው።

ሌላው የኛ አገር ጣጣ ቡና ነው። የእጥበት ጣቢያዎች ፍሳሽ ወደ ወንዝ በሚለቀቅበት ወቅት ውሃው ቡናማ ይሆናል። ከበሰበሰ ቅጠልና ገለፈት የሚወጡት ነገሮች ፒሲአሩን ያፍኑታል። ዲኤንኤው አለ፣ ማሽኑ ግን አላየሁም ይላል። ስለዚህ ከናሙናው ጋር ውጤቱን የምታውቀውን ዲኤንኤ ጨምረህ ፒሲአሩ መታፈን አለመታፈኑን ትፈትሻለህ፣ ከታፈነ ታቀጥነዋለህ ወይ ታጸዳዋለህ። ባሕር ላይም ወንዝ በሚገባበት ዳር ይህ ያጋጥምሃል።

መብራት ስለሚጠፋ ፍሪዘር አትመን። ማጣሪያውን በ96 በመቶ ኤታኖል ወይም ለዚህ በተዘጋጀ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ክተተው፣ ያለ በረዶ ይቆይልሃል። ጅማ ላይ ማንበቢያ ማሽኑን ባታገኝ እንኳ ቀድተህ፣ አጥልለህ፣ ዲኤንኤ አውጥተህ፣ ለቀረሶ ብቻ የሚሆን ፒሲአር ሠርተህ «አለ የለም» ማለት ትችላለህ። ከሥራው ሰባ በመቶው እሱ ነው፣ በኔ ግምት።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነው። ናሙናውን ለጓደኛህ በፖስታ ውጭ አገር ልከህ ላስነብብ እንዳትል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፣ የዘረመል ሀብት ከአገር ሲወጣ የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ውሃ ነው ብትልም ውስጡ ያለው ዘረመል ነው። ፈቃዱን ቀድመህ ጀምር፣ ወረቀት ከዲኤንኤ ይልቅ ቀስ ይላል።


ከአሰንዳቦ፦

እንግዲያው ኑና ከግድቡ ቅዱ። የማውቃቸው ልጆች ጀልባ አላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ዓሣቸውን አራግፈው ሲጨርሱ እነሱው መሀል ድረስ ይወስዷችኋል፣ የነዳጁን ብቻ ትሰጧቸዋላችሁ።


ፒፔት ያዥ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ዓሣ በተራገፈበት ጀልባ? ያ ጀልባ ራሱ ቀረሶ ነው። ወለሉ፣ ገመዱ፣ የልጁ እጅ፣ ሁሉም። መሀል ላይ ደርሰን የምንቀዳው የጀልባውን እጣቢ ይሆናል።


ከአሰንዳቦ፦

ታዲያ በዋና ልትገቡ ነው?


የቦዬ ጉማሬ፦

ጋሼ አይቆጡ። እንዲህ ብናደርግስ፦ ዓርብ ማታ ጀልባው በበረኪና ይታጠብና ቅዳሜ ከዓሣው በፊት እንውጣ፣ ጠርሙሱን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስረን ከጀልባው አፍንጫ ፊት ለፊት እንቅዳ፣ ጀልባው ገና ያልነካውን ውሃ። ለጀልባው ራሱ ደግሞ ባዶ ናሙና እንያዝ። ወንድሜ መኪናውን ይዞ ይመጣል፣ ሊያፋጥጠን ነው የሚመጣው እንጂ ሊያግዘን አይደለም።


ፒፔት ያዥ፦

ይሆናል። ሦስት ጠርሙስ ከግድቡ፣ አንድ ባዶ። ባዶው ከቤት ሳይሆን ከኔ ላብራቶሪ ውሃ ይሞላ። 12 ሰዓት ላይ አጂፕ ጋ እንገናኝ። ደግሞ ዓርብ ራት ሽሮ።